ስምንት ቀዳዳ ያላት ኳስ፦ የወዳጆች ውድድር ሕግ እንዴት ይሠራል?

ኳሷን መጀመሪያ በእጄ የያዝኳት ልጄ ከጎረቤት ይዟት የመጣ ዕለት ነው። ነጭ ፕላስቲክ ናት፤ መካከለኛ ብርቱካን ታህላለች። ግማሽ ጎኗ ድፍን ነው፤ በሌላው ግማሽ ላይ ረዘም ረዘም ያሉ ስምንት ቀዳዳዎች ዙሪያውን ተደርድረዋል። ወገቧ ላይ ሁለቱ ግማሾች የተጣበቁበት መስመር ጣት ላይ ይሰማል። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው። በመጠን የምታክላት የቤዝቦል ኳስ ግን ከ142 እስከ 149 ግራም ትመዝናለች፤ ሰባት እጥፍ ማለት ነው።

ዊፍል ቦል ትባላለች። ጓደኛዋ 81 ሳንቲሜትር ገደማ የምትረዝም ቀጭን ቢጫ የፕላስቲክ ዱላ ናት። አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁለቱን በአንድ ጓሮ ወይም በአንድ መናፈሻ ሣር ላይ ሳያያቸው አይቀርም። እኛም ቨርጂኒያ ውስጥ የምንኖር ጥቂት ቤተሰቦች ትምህርት ቤት ሲዘጋ መናፈሻ ላይ እየተገናኘን በቡድን መጫወት ከጀመርን ቆየን። በጨዋታው መሐል የሚነሳውን ክርክር ሁሉ አይቼዋለሁ፤ አንዳንዱን ራሴ አስነስቼዋለሁ። ውድድር ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው ሕጉን ከሰው ሳይሆን ከኳሷ እንዲጀምር የምመክረው ለዚህ ነው። የዚህ ጨዋታ ሕግ ሁሉ ከዚያች 20 ግራም የተወለደ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1953 ኮኔቲከት ግዛት፣ ፌርፊልድ ከተማ ውስጥ ነው። የ12 ዓመቱ ዴቪድ ሙላኒ ከጓደኛው ጋር ጓሮ ውስጥ የፕላስቲክ የጎልፍ ኳስ በመጥረጊያ እንጨት እየመታ ይጫወት ነበር። ቦታው ጠባብ ነው፤ የጎረቤት መስኮት ቅርብ ነው። ልጁ ትንሿን ኳስ አጣሞ ለመወርወር ሲታገል እየዋለ ክንዱ ዝሎ ቤት ይገባል። ስማቸው ከልጁ ጋር አንድ የሆነው አባት በወጣትነታቸው የቤዝቦል ወርዋሪ ነበሩና እንዲህ ያለው ውርወራ የልጅን ክንድ እንደሚጎዳ ያውቃሉ። የመኪና ፖሊሽ ንግዳቸው የከሰረበት ጊዜም ነበር። ከአንድ የሽቶና የመዋቢያ ፋብሪካ የተገኙ ክብ የፕላስቲክ ማሸጊያዎችን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በምላጭ እየቆረጡ ልዩ ልዩ ቀዳዳ አወጡላቸው። ልጁ አንድ በአንድ እየወሰደ ወርውሮ ይሞክራል። ከሁሉ የተሻለችው በአንድ ጎኗ ብቻ ስምንት ረዣዥም ቀዳዳ ያላት ሆና ተገኘች። ልጆቹ መቺው ስቶ ሲወጣ «ዊፍ» ይሉ ስለነበር ስሟም ከዚያ መጣ። ኩባንያው ዛሬም ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም፤ ፋብሪካው እዚያው ኮኔቲከት፣ ሼልተን ከተማ ነው። በ2017 ደግሞ ኳሷ የአሜሪካ ብሔራዊ የመጫወቻዎች የዝና አዳራሽ ውስጥ ገብታለች።

ለምንድን ነው የምትታጠፈው? ኳስ አየር ሰንጥቃ ስትሄድ አየሩ በዙሪያዋ ተከፍሎ ከኋላዋ ይገናኛል። የሁለቱ ጎን አየር እኩል ከሄደ ኳሷ ቀጥ ትላለች። ዊፍል ቦል ላይ ግን በድፍኑ ጎን አየሩ ልስልስ ብሎ ሲያልፍ በቀዳዳው ጎን እየተሰበረና እየተናወጠ ያልፋል፤ ስለዚህ ከኋላ ሲገናኝ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ኳሷም ወደ ሌላው ትገፋለች። በቀዳዳዎቹ የሚገባው አየር ደግሞ ሆዷ ውስጥ እየተሽከረከረ የራሱን ግፊት ይጨምራል። የውስጡና የውጩ ግፊት ሁልጊዜ አይስማሙም፤ የትኛው እንደሚያይል ፍጥነቷ ይወስነዋል። ለዚህ ነው አንድ ሰው በአንድ አያያዝ ሁለቴ ወርውሮ ሁለት ዓይነት መታጠፍ የሚያየው። ቤዝቦል ወርዋሪ ኳሱን ለማጣመም በክንዱና በጣቱ ኃይል ማሽከርከር አለበት፤ እዚህ ግን ቀዳዳዎቹን ወደ ጎን አዙሮ መያዝ ይበቃል። ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ከሆኑ ወደ ጎን አትታጠፍም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአንድ ከሰዓት ይማረዋል፤ ክንዱም አይታመምም።

አሁን ወደ ሕጉ። ቤዝቦልን ለማያውቅ በአጭሩ፦ አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይመታል፣ የቀሩት ይቀልባሉ። የመታው ሰው አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ የሚባሉትን ማረፊያዎች ዞሮ ወደ መነሻው ሲመለስ አንድ ነጥብ ይቆጠራል። ሦስት መቺዎች ሲወጡ ተራው ይለወጣል፤ ሁለቱም ቡድኖች ተራቸውን ሲጨርሱ አንድ ዙር ይባላል።

በኩባንያው ሕግ ዊፍል ቦል ላይ ማንም አይሮጥም፤ ለእንግዳ ሰው ግር የሚለው ይህ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ 20 ግራም ፕላስቲክ ከሩቅ መልሶ መወርወር አይቻልም፤ አየሩ ወዲያው ይይዛታል። ሯጭ ቢኖር ቀላቢው መቼም አይደርስበትም። ስለዚህ ሩጫው ወደ ርቀት ተለወጠ። በኩባንያው ሕግ ሜዳው ከመቺው ጀምሮ በምልክት ይከፈላል። የመጀመሪያው ምልክት 7 ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በየ6 ሜትሩ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይከተላሉ። ኳሷ በመጀመሪያው ክልል ሳትያዝ ከቀረች መቺው አንደኛ ቤዝ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል፤ በአየር ሄዳ ቀጣዩ ክልል ካረፈች ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ላይ ካረፈች ሦስተኛ ቤዝ ነው። ከመጨረሻው ምልክት አልፋ ከወደቀች ሆም ራን ናት፤ መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ እንደተመለሰ ይቆጠራል። ጠቅላላው ርዝመት 20 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሁለት ሰው ብቻ ቢኖርም ጨዋታው ይሄዳል፤ ሙሉ ሲሆን በየቡድኑ አምስት ነው።

መቺው የሚወጣበትም መንገድ ቀላል ነው። በአየር ያለች ኳስ ከተቀለበች ወጣ፤ ከመስመር ውጭም ቢሆን። መሬት ለመሬት የምትሄድ ኳስ በመስመሮቹ መሐል ሳትቆም ከተያዘች ወጣ። «ፋውል» ሲባል ከእግር ኳሱ ጋር እንዳይምታታ፤ እዚህ ጥፋት ሳይሆን ከመስመር ውጭ የሄደ ምት ማለት ነው። ዱላን አዘንብሎ ኳሷን ማስነካት ብቻ ክልክል ነው፤ እንዲህ የተነካች ቀላል ኳስ እግር ሥር ሞታ ስለምትቀር ማንም በጊዜ አይደርስባትም። ጓንት አያስፈልግም፤ በባዶ እጅ ስትቀለብ ከማቃጠል ይልቅ ትኮረኩራለች።

እዚህ ላይ የኩባንያው ሕግ የማይፈታው አንድ ነገር አለ። በዚያ ሕግ መቺው የሚቆጠርበት ለመምታት ሲሞክር ብቻ ነው፤ አልሞክርም ብሎ ቢቆም ምንም አይቀጣም። ወርዋሪው አበላሽቶ ቢወረውርም ለመቺው በነጻ የሚሰጥ ቤዝ የለም። ለሁለት ሕፃናት ጓሮ ይህ መልካም ሕግ ነው። ስምንት ቡድን ተሰብስቦ ሰዓት በሚቆጠርበት ቀን ግን ትዕግሥተኛ መቺ አሥር ኳስ ሲያሳልፍ ሜዳው ሁሉ ይቀዘቅዛል። ኳሷ ጥሩ ነበረች፣ አልነበረችም የሚል ዳኛ እናቁም ቢባል ደግሞ ዳኛው ያው የአንዱ አባት ነው። በወዳጆች መሐል ከዚህ የከፋ ሥራ አላውቅም።

መፍትሔው ከመቺው ጀርባ የሚቆም ዒላማ ነው። እኛ በታጣፊ ወንበር ጀመርን፤ ብዙ ሰው የሚጀምረውም በእሱ ነው። ወንበሩ ላይ ያረፈች ኳስ ስትራይክ ናት፤ በመቺው ላይ ትቆጠራለች ማለት ነው። ችግሩ እግሩን ስትነካ ነው፤ የወንበር እግር ወንበር ነው ወይስ አይደለም? በዚህ ጥያቄ ግማሽ ከሰዓት አልፎብናል። በኋላ ከኮምፔንሳቶ ቁራጭ 60 በ75 ሳንቲሜትር ሠሌዳ ቆርጠን ከጉልበት ከፍታ ጀምሮ በእንጨት እግር አቆምነው። ኳሷ ስትነካው «ጧ» ይላል። ጧ ካለ ስትራይክ ነው፤ ካላለ አይደለም። ሦስት ስትራይክ መቺውን ያስወጣል፤ ሠሌዳውን የሳቱ አምስት ኳሶች መቺውን በነጻ አንደኛ ቤዝ ያደርሳሉ። ሠሌዳው ማንንም አያዳላም፣ ከማንም ጋር ቡና አይጠጣም፤ ስለዚህ ማንም አይቀየመውም። አንድ ነገር ብቻ ማዘጋጀት ቢቻላችሁ ይህን ሠሌዳ አዘጋጁ።

ሩጫ ከሌለ ደግሞ ቤዝ ላይ የቆመው ሰው በሐሳብ ነው። ባለ አንድ ቤዝ ምት ሁሉንም አንድ አንድ ቤዝ ያስኬዳል፤ ባለ ሁለት ሁለት ሁለት፤ ባለ ሦስት ደግሞ ያለውን ሁሉ ወደ ነጥብ ይቀይራል። እኛ የያዝነው ይህን ቀላሉን አቆጣጠር ነው። ችግሩ የማይታይ ሰው የት እንደቆመ ሁለት ሰው በሁለት መንገድ ያስታውሰዋል። አንድ ቀን ነጥቡ እኩል፣ ጨዋታው መጨረሻው ላይ ደርሶ ባለ ሁለት ቤዝ ምት ሲመታ እንዲህ ሆነ።

«ጋሼ፣ የኛ ሰው ሁለተኛ ላይ ነው የነበረው። አሁን ገብቷል፣ ነጥብ ነው።»

«የለም ልጄ፣ አንደኛ ላይ ነው። ከአሁኑ መቺ በፊት የመታው እኮ ተቀልቧል፤ ማን ወደ ሁለተኛ ወሰደው?»

ሁለቱም የሚሉትን ከልባቸው ያምኑበታል፤ ለዚህ ነው የሚከብደው። አለመግባባቱን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሰሙት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አንዲት እናት፣ ቤዝቦል የሚባል ነገር ከዚያ ቀን በፊት አይተው አያውቁም ነበር። ነገሩን አስረዷቸው፤ ዝም ብለው አዳመጡና «እስቲ ከለስላሳው ጠርሙስ ቆርኪ አምጡልኝ» አሉ። ካርቶን ላይ አራት ክብ አሰመሩ፤ ሦስት ቆርኪ አጠገባቸው አስቀመጡ። ምት በተመታ ቁጥር ተጫዋቹ «እማማ፣ አንድ!» ይላል፤ እሳቸው ቆርኪውን ያንቀሳቅሳሉ። ከሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ሰው ማየት ይችላል፤ እጁን ግን አያስገባም። ከዚያ ቀን ወዲህ በማይታየው ሰው ምክንያት አንድም ጊዜ ጨዋታ አልቆመብንም። በልጅነቴ በቆርኪ እንጫወት ነበርና ያቺን ካርቶን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ሰፈር ውስጥ በጨርቅ ኳስ ያደገ ሰው ይህን የሕግ ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሁለት ድንጋይ ጎል ነበር፤ አግዳሚ የለውምና ከፍ ብላ ያለፈች ኳስ ጎል ናት አይደለችም ተብሎ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ሦስት ኮርነር አንድ ፔናልቲ የሚለውን ሕግ ማንም ፌዴሬሽን አልጻፈልንም፤ ኮርነር ለመምታት ሜዳችን ስለማይበቃ እኛው ያወጣነው ነው። ዊፍል ቦልም በየጓሮው እንዲሁ ነው። አንዱ ጓሮ ውስጥ ዛፍ አለ፣ ሌላው ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ጣሪያ፣ ሌላው ውስጥ ከአጥር ወዲያ ውሻ። ስለዚህ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የቡድን አለቆች ሜዳውን በእግራቸው ይዙሩ። ዛፍ ነክታ የተመለሰች ኳስ ብትቀለብ ምን ትሆናለች? አጥር ላይ የቀረችስ? መልሱ ምንም ይሁን፣ ኳስ ሳይወረወር ይነገር፤ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከተጫወቱ በኋላ የወጣ ሕግ ትክክል ቢሆን እንኳ አንዱን ቡድን ይጎዳል።

ስለ ኳሷ ራሷ አንድ ጥብቅ ሕግ አለኝ፦ ኳስ የሚያቀርበው አዘጋጁ ብቻ ይሁን። አዲስ ኳስና አስፋልት ላይ የተፋቀ ኳስ አንድ አይደሉም። ድፍኑ ጎን ሲጫጫር አየሩ በዚያም በኩል ይሻክራል፤ የመታጠፏ ነገርም ይለወጣል። ጠንክረው የሚጫወቱ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ኳሳቸውን ሆን ብለው በቢላ ወይም በአሸዋ ወረቀት ይፍቃሉ። በአንዳንድ ውድድር ይፈቀዳል፤ በወዳጆች ውድድር ላይ ግን ልጁን ይዞ የመጣ ወርዋሪ ከልምድ ውጭ በሆነ ነገር እንዲበለጥ አልፈልግም። ዱላውም እንዲሁ፤ ሁሉም በዚያችው ቢጫ ዱላ ይምታ። ውስጧ የተሞላ ወይም በፕላስተር የተጠቀለለ ዱላ ይከብዳል፤ ኳሷንም አርቆ ይሰዳታል።

ወርዋሪው ከ12 እስከ 14 ሜትር ርቀት ላይ ከተሰመረ መስመር ይወርውር፤ ተንደርድሮ መወርወር ይቅር። ለልጅ ሲሆን 8 ሜትር ላይ ይቅረብና ቀዳዳዎቹን ወደ ላይ ይዞ ቀስ አድርጎ ይስጠው። ለዚህ ዕድሜ አስቀድሞ ይወሰን፤ እኛ ከአሥር ዓመት በታች ብለናል። ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሜዳ ላይ ሲጠየቅ ያፍራልና ስም ሲመዘገብ እናትየዋ ትናገር። በየቡድኑ ቢያንስ አንድ ልጅና አንድ ሴት ይኑር፤ ሁሉም በተራው ይምታ። ተቀያሪ ሆኖ አግዳሚ ላይ የሚውል ሰው በዚህ ውድድር ውስጥ መኖር የለበትም።

የጨዋታዎቹን አደላደል በቁጥር እንየው። ስምንት ቡድን ቢኖር፣ የተሸነፈ ይሰናበት ከተባለ ሰባት ጨዋታ ይበቃል፤ ከአሸናፊው በቀር ሰባቱ አንድ አንዴ ይሸነፋሉና። ፈጣን ነው፤ ግን አራት ቡድን እንጀራውን ሳይፈታ፣ አንዴ ብቻ ተጫውቶ ይቀመጣል። እኔ የምመርጠው አራት አራት ቡድን በሁለት ምድብ ነው። በየምድቡ ስድስት፣ በድምሩ 12 ጨዋታ፤ ከዚያ ሁለት ግማሽ ፍጻሜና አንድ ፍጻሜ፤ 15 መሆኑ ነው። የኩባንያው ሕግ ዘጠኝ ዙር ይላል፤ አምስት ዙር ወይም 40 ደቂቃ፣ የቀደመው ይበቃል። ሁለት ሜዳ ካለ የምድቡ ጨዋታ አራት ሰዓት፣ ቀሪው አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይወስዳል። በአበሻ ሰዓት ጠዋት 3 ላይ ሳይዘገይ ከተጀመረ ከቀኑ 8 ከ20 ላይ ዋንጫ ይሰጣል። ምሳውን በመሐል ካስገቡ አንድ ሰዓት ይጨምሩ።

ሁለት ቡድን እኩል ቢሆንስ? ብዙ ሰው የነጥብ ልዩነት ይቆጠር ይላል። አልስማማም። ልዩነት ከተቆጠረ ጠንካራው ቡድን ደካማውን 20 ለ 0 እስኪያደርስ አይለቀውም፤ ያንን የሚያጠናክር ሕግ ለወዳጆች አይሆንም። መጀመሪያ እርስ በርስ ያሸነፈ ይለፍ፤ ያ ካልለየ ጥቂት ነጥብ የገባበት ይለፍ። ልዩነቱ አሥር ከደረሰም ጨዋታው እዚያው ይቁም፤ የቀረውን ጊዜ ተቀላቅለው ይጫወቱ።

ይህ የጓሮ ጨዋታ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ለማየት የሚፈልግ ሁለት ውድድር ይመልከት። በኢንዲያና ግዛት ሚሻዋካ ከተማ በ1980 የተጀመረ የዓለም ሻምፒዮና አለ። ልቤን የሚነካው ግን ሌላው ነው። ትራቪስ ሮይ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነበር። በጥቅምት 1995 የመጀመሪያ ጨዋታውን በጀመረ በ11ኛው ሰከንድ ተጎድቶ ሰውነቱ ሽባ ሆነ። በቬርሞንት ግዛት አንድ ሰው በቤቱ ቅጥር የቦስተንን የቤዝቦል ሜዳ፣ ፌንዌይ ፓርክን፣ በሩብ መጠን ሠርቶ ነበርና፣ ከ2002 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዚያች ትንሽ ሜዳ በትራቪስ ስም የዊፍል ቦል ውድድር ይደረግ ነበር። በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለአከርካሪ ጉዳተኞች ተሰብስቦበታል። ትራቪስ በ2020 አረፈ። ያንን ሁሉ ሰው የሰበሰበው ያው ቢጫ ዱላና 20 ግራም ፕላስቲክ ነው።

የዕቃውን ነገር ሳልረሳ፦ ለ15 ጨዋታ ቢያንስ ሁለት ደርዘን ኳስ ይኑራችሁ። ኳሷ ብዙ ጊዜ የምትሰነጠቀው ወገቧ ላይ፣ ሁለቱ ግማሾች በተጣበቁበት መስመር ነው፤ ብርድ ያለ ቀን ደግሞ ቶሎ ትሰነጠቃለች። ሠሌዳውን ስትነካ ድምፅዋ ከጧ ወደ ሻካራ ከተለወጠ አንስታችሁ እዩዋት። የተሰነጠቀች ኳስ በፕላስተር ተጠግና ወደ ጨዋታ አትመለስ፤ ክብደቷ ይለወጣልና። የተሰነጠቁት ሣጥን ውስጥ ለብቻ ይቀመጡና ማታ ልጆቹ ይውሰዷቸው። የኛ ልጅ ባለፈው ዓመት አራት ወስዶ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ በመቀስ ቀዳዳቸውን ሲያሰፋ አመሸ፤ በማግስቱ ጠዋት ጓሮ ወጥቶ አንዷ ከሌላዋ እንዴት እንደምትታጠፍ እየጠራኝ ያሳየኝ ነበር።